ስለ ድንጋይ በሊታው ብል፤ የአንድ የተናቀ ምስክርነት ታሪክ

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ላይከን እየበላ የሚኖር አንድ ዐይነት የእሳት እራት በሊቃውንት ዘንድ እንዴት እንደ ታወቀ ከጥንት መዛግብት ጀምሮ እስከ ቅርብ ጊዜ ምርምር ድረስ መከታተል ነው። ነገሩ የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪዎች ብቻ ጉዳይ ይመስል ይሆናል፤ እኛን ወደዚህ የሳበን ግን የታሪክ ጥያቄ ነው። ይኸውም አንድ የድሮ ሰው በዐይኑ ያየውን ጽፎ ቢያልፍ፣ ከእርሱ በኋላ የመጣ ሊቅ ደግሞ የነገሩ ምክንያት ሌላ መሆኑን ቢያስረዳ፣ የፊተኛው ሰው ምስክርነት ከነትርጓሜው አብሮ ይወድቃል ወይ? የሚል ነው። በታሪክ ትምህርት ይህ ጥያቄ ዘወትር ያጋጥመናል፤ ገድልና ዜና መዋዕል በምናነብበት ጊዜ ተአምር መሳዩን ሁሉ ባንድነት ጠርገን ለመጣል እንቸኩላለን። የብሉ ታሪክ ግን ትንሽ ቆም እንድንል የሚያደርግ ሆኖ አግኝተነዋል። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድመን ሁለት ቃላት እንግለጽ። በአማርኛ ሌሊት ወደ መብራት የሚበርረውን ሁሉ የእሳት እራት እንለዋለን፤ ልብስ የሚበላውን ደግሞ በወንጌል ከዝገት ጋር ስሙ ሲጠራ እንደምንሰማው ብል እንለዋለን። የሁለቱ ዝምድና ለብዙ ሰው ግልጽ አይደለም። ብሉ የእሳት እራቷ ልጅ ነው፤ ልብሱን የሚበላውም ይኸው ልጅ እንጂ ክንፍ ያወጣችው እናት አይደለችም። ላይከን የተባለው ደግሞ በድንጋይ፣ በዛፍ ቅርፊትና በደረቅ መሬት ላይ እንደ አመድ ወይም እንደ ዝገት ተለጥፎ የሚታየው ነገር ነው፤ ከቅርንጫፍ እንደ ጢም የሚንጠለጠለውን ባላገሩ የዛፍ ሽበት ይለዋል።

አሁን ወደ ታሪኩ እንግባ። በ1665 በአውሮፓ ሁለት የሊቃውንት መጽሔቶች ተወለዱ፤ በዓመቱ መጀመሪያ በፓሪስ ጁርናል ዴ ሳቫን፣ ከሁለት ወር በኋላም በለንደን ፊሎሶፊካል ትራንዛክሽንስ። በ1666 ደ ላ ቯ የተባለ ፈረንሳዊ ለከዋክብት ተመራማሪው ለአድሪየን ኦዙ የጻፈው ደብዳቤ በፓሪሱ መጽሔት ወጣ፤ ብዙም ሳይቆይ የለንደኑ መጽሔት ድንጋይ ስለሚበሉ ትሎች የሚናገር ወሬ ነው ብሎ በእንግሊዝኛ አሳተመው።

የደብዳቤው ፍሬ ነገር እንደሚከተለው ነው። በኖርማንዲ አገር ካን በተባለች ከተማ በሚገኘው የቤነዲክት መነኮሳት ገዳም ፊቱ ወደ ደቡብ የሆነ አንድ ትልቅና ጥንታዊ ግንብ ነበረ። ከግንቡ ድንጋዮች ብዙዎቹ እጅግ ተበልተው በአብዛኛው ጉድጓድ ውስጥ እጅ እስኪገባ ድረስ ተቦርቡረዋል፤ በጉድጓድና በጉድጓድ መካከል የቀረው ድንጋይ ስስ ቅጠል መስሏል። በውስጣቸው ሕያዋን ትሎች፣ የትሎቹ ኩስና የድንጋይ ዱቄት ሞልቷል። ትሎቹ ግራጫ መልክ ባለው፣ መጠኑ የገብስ ፍሬ በሚያህል፣ አንደኛው ጫፍ ከሌላው በሾለ ሰገባ ውስጥ ይኖራሉ። ደ ላ ቯ የትሉን ራስ፣ መንጋጋውንና እግሮቹን አንድ በአንድ ይገልጻል።

እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ደብዳቤው ከዘመኑ አስደናቂ ወሬዎች አንዱ ሆኖ በቀረ ነበር። ሰውዬው ግን ከዚያ አልፎ ሄደ። ከትሎቹ ጥቂቶቹን ከነሕይወታቸው ወስዶ ከድንጋይ ቁርጥራጮች ጋር በሣጥን ውስጥ ዘጋቸው። ስምንት ቀን ቆይቶ ሣጥኑን ሲከፍት ድንጋዩ በግልጽ ተበልቶ ስላገኘው ከእንግዲህ ወዲህ ልጠራጠር አልችልም አለ። ዛሬ በላቦራቶሪ የሚሠራ ተማሪ ትል ያልገባበት ሁለተኛ ሣጥን ለምን አላዘጋጀም፣ ድንጋዩንስ በፊትና በኋላ ለምን አልመዘነውም ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄው ትክክል ነው። ቢሆንም በ1666 አንድ ሰው የሰማውን ከመድገም ይልቅ ትል በሣጥን ዘግቶ ስምንት ቀን መጠበቁ ቀላል ነገር አይደለም። እኛ ይህን ሰው ተረተኛ ብለን ልንጠራው አንደፍርም።

ከዚህ በኋላ ነገሩ ወደ ሬኦሚር እጅ ገባ። ሬነ አንቷን ፌርሾ ደ ሬኦሚር በ1683 በላ ሮሼል ተወልዶ በ1757 የሞተ፣ በስሙ የተጠራ የሙቀት መለኪያ ያወጣ፣ ስለ ብረት ሥራም ስለ ንብም የጻፈ ታላቅ ሊቅ ነበር። ከ1734 እስከ 1742 ስለ ነፍሳት ታሪክ ያሳተማቸው ስድስት ትልልቅ ቅጾች የትዕግሥት መዝገብ ናቸው። በሦስተኛው ቅጽ፣ በ1737 በወጣው፣ ሰገባ ሠርተው ስለሚኖሩ ብሎች ሲተርክ በአሮጌ ግንቦች ላይ ስለሚገኙትም ጻፈ። እንደ እርሱ ምርመራ ትሉ ከአፉ በሚያወጣው ሐር የድንጋይ ቅንጣት እያያያዘ ሰገባውን ይሠራል፤ ሰገባውን ተሸክሞ በግንቡ ላይ ይዞራል፤ ምግቡ ግን በግንቡ ላይ የበቀለው ደቃቅ ላይከን ነው። ድንጋዩ ቤቱ እንጂ እንጀራው አይደለም ማለት ነው።

ይህ ማስረጃ ግልጽና የተጣራ ስለ ነበረ ለክርክር ቦታ አልተወም። ከዚያ ወዲህ ድንጋይ በሊታው ትል ከሳይንስ ወጥቶ በዕውቀት ማነስ ከተነገሩ ወሬዎች ጎራ ገባ። ትሉ ራሱ ግን ስም እያገኘ ሄደ። በ1783 ጎይዘ የተባለ ጀርመናዊ ቄስ (በዐይን የማይታየውን ባለ ስምንት እግር የውኃ ፍጥረት ዐሥር ዓመት ቀደም ብሎ ያስተዋለው ይኸው ሰው ነው) አንዱን ዝርያ ላፒዴላ አለው፤ ላፒስ በላቲን ድንጋይ ማለት ነው። በ1850 ደግሞ ሌላዋ የቅርብ ዘመዱ በሬኦሚር የቤተ ሰብ ስም ፌርሾልቴላ ተባለች። እንግዲህ አሸናፊው ሊቅ በብሉ ስም ሲታወስ ደ ላ ቯን የሚያነሣው አልተገኘም።

ሬኦሚር ትሉ ላይከን እንደሚበላ ቢያውቅም ላይከን ምን እንደ ሆነ ግን በዘመኑ ማንም አያውቅም ነበር። ሁሉም እንደ ሣር ወይም እንደ ሽበት ያለ አንድ ተክል አድርጎ ይቈጥረው ነበር። በ1867 ሲሞን ሽቬንደነር የተባለ የስዊስ ሊቅ ላይከን አንድ ፍጡር ሳይሆን ሁለት ፍጡራን ተቈራኝተው የሚኖሩበት ነው ብሎ ተነሣ፤ ፈንገሱን እንደ ጌታ፣ በውስጡ የታሰሩትን አረንጓዴ አልጌዎች እንደ ባሮች አድርጎ መሰላቸው። የላይከን ሊቃውንት፣ በተለይ ታዋቂው ኒላንደር፣ ሐሳቡን አጥብቀው ተቃወሙት። ዛሬ የሽቬንደነር መሠረተ ሐሳብ በሁሉም ዘንድ የተቀበለ ነው። ለእኛ ነገር የሚጠቅመን ይህ ነው፤ ፈንገሱ ራሱ ከብርሃን ምግብ መሥራት አይችልም፤ የሚመግቡት አልጌዎቹ ናቸው፤ ስለዚህ ላይከን ብርሃን የሚደርስበት ቦታ ይፈልጋል፤ ብርሃኑ እስከ ደረሰ ድረስ ግን የግድ በድንጋዩ ፊት ላይ መሆን የለበትም። ይህን ነጥብ አንባቢ እንዲይዝልን እንለምናለን።

በዚህ መካከል የእሳት እራት ሰብሳቢዎች ሥራ ተስፋፋ። ፋብሪሲየስ የተባለው የዴንማርክ ሊቅ በ1798 ላይከን ከሚበሉት ለአንዱ ወገን ሊቶሲያ የሚል ስም አወጣ፤ ይህም ድንጋይ ከሚለው የግሪክ ቃል የመጣ ነው። የዚህ ነገድ ዝርያዎች ዛሬ ከ3000 በላይ ሆነዋል። ነገር ግን ሰብሳቢው መብራት አብርቶ የሚይዘው ክንፍ ያለውን ነው፤ በሣጥን የሚሰካውም፣ በካታሎግ የሚገልጸውም የክንፉን መልክ ነው። ሰገባ ተሸካሚዎቹ ብሎች ለዚህ ዐይነት አሰባሰብ አይመቹም። በብዙዎቹ ዝርያዎች ሴቷ ክንፍ የላትም፤ ከሰገባዋ ሳትርቅ ዕንቍላሏን ጥላ ትሞታለች። ፌርሾልቴላማ ጭራሹን ወንድ የላትም፤ ሴቶቹ ያለ ወንድ ይዋለዳሉ። እንግዲህ በመብራት ዙሪያ መቶ ዓመት ቢጠበቅ አንዲት ፌርሾልቴላ በርራ አትመጣም። የእሳት እራት የሚለው ስማችን ራሱ ለእርሷ አይሠራም ማለት ነው። ሙዚየሞች በክንፍ እየሞሉ ሲሄዱ የትሉ ኑሮ ሬኦሚር ከተወው ብዙም ሳይርቅ የቀረው በዚህ ምክንያት ይመስለናል።

ነገሩን የለወጠው ከደረቅ አገር የመጣ ዕውቀት ነው። በበረሓ ላይከን እንዴት እንደሚኖር ለማወቅ ኦቶ ላንገና ጓደኞቹ በደቡብ እስራኤል በኔጌቭ በረሓ፣ አቭዳት በተባለ ቦታ ምርምር አድርገው ውጤቱን በ1970 አሳተሙ። በዚያ ዝናብ በዓመት ከ100 ሚሊሜትር በታች ነው። ላይከኑ ግን ሌሊት ጤዛ ይጠጣል፤ ፀሐይ ስትወጣ ለጥቂት ሰዓት ምግቡን ይሠራል፤ ከዚያ ደርቆ እስከሚቀጥለው ጤዛ ድረስ እንደ ሞተ ሆኖ ይቈያል። ከጤዛው ይልቅ ለእኛ የሚበልጠው ግን ኢምሬ ፍሪድማን ያመጣው ነው። እርሱና ባልደረቦቹ በ1967 በኔጌቭ፣ በ1976 ደግሞ በአንታርክቲካ ደረቅ ሸለቆዎች፣ አረንጓዴ ሕይወት በድንጋዩ ፊት ላይ ሳይሆን በድንጋዩ ውስጥ፣ ከፊቱ ጥቂት ሚሊሜትር ዝቅ ብሎ እንደሚኖር ገለጹ። ከውጭ ሲታይ ድንጋዩ ባዶ ነው። ሲሰበር ግን ከስስ ቅርፊቱ ሥር አረንጓዴ መስመር ይታያል። ፀሐይና ነፋስ የሚያደርቀውን ሽሽት ድንጋዩን እንደ ጣሪያ ይጠቀምበታል፤ በቅንጣቶቹ መካከል የሚያልፈው ጥቂት ብርሃን ይበቃዋል።

ይህ ከታወቀ በኋላ የሬኦሚር ልዩነት፣ ድንጋይ ለቤት፣ ላይከን ለምግብ የሚለው፣ ለደረቅ አገር ሊያገለግል አይችልም። ምግቡ በድንጋዩ ውስጥ ከሆነ የሚበላው ፍጡር ድንጋዩን ሳይፍቅ ሊያገኘው አይችልምና።

በመጀመሪያ ይህ የተረጋገጠው በብል ሳይሆን በቀንድ አውጣ ነው። ሻሐክ፣ ጆንስና ግራኖት የተባሉ ተመራማሪዎች በ1987 ሳይንስ በተባለው መጽሔት እንዳስረዱት፣ በኔጌቭ የሚኖሩ ደቃቃ ቀንድ አውጣዎች በኖራ ድንጋይ ውስጥ ያለውን ላይከን ለመብላት ድንጋዩን በምላሳቸው ይፍቃሉ፤ ድንጋዩን ከላይከኑ ጋር ውጠው በኩሳቸው አፈር አድርገው ይጥሉታል። ተመራማሪዎቹ መጠኑን ሲያሰሉ በአንድ ሄክታር በዓመት ከ0.7 እስከ 1.1 ቶን ሆነ። ይህም በዚያ በረሓ ነፋስ ከሚያመጣው አቧራ ጋር የሚወዳደር ነው። አንድ ቀንድ አውጣ እንደ ጥፍር ቁራጭ ያነሰ ነው፤ ሥራው ግን በቶን ይቈጠራል። ከሦስት ዓመት በኋላ ጆንስና ሻሐክ በዚሁ መንገድ ወደ አፈሩ የሚገባው ናይትሮጅን ለበረሓው አፈር ከሚደርሰው ሁሉ 11 በመቶ ያህል እንደሚሆን ጨምረው ገለጹ። ዳርዊን በ1881 ስለ መሬት ትል ባሳተመው መጽሐፍ ትንንሽ ፍጥረታት የምድርን ፊት እንደሚለውጡ ሲጽፍ ያስበው የነበረው እርጥብ የእንግሊዝ መስክ ነው፤ በረሓም የራሱ አራሾች እንዳሉት ለማየት አንድ መቶ ዓመት ፈጀ።

ብሉ የመጣው በ1991 ነው። በደቡብ አፍሪካ፣ በፍሪ ስቴት ክፍለ ሀገር ጎልደን ጌት የተባለው ብሔራዊ ፓርክ ፀሐይ ስትጠልቅ ወርቅ በሚመስሉ ገደሎቹ የታወቀ ነው። ገደሎቹ የክላረንስ አሸዋ ድንጋይ ናቸው፤ ይህ ድንጋይ ደግሞ ራሱ የጥንት በረሓ አሸዋ ክምር ነበረ። በዚህ ድንጋይ ውስጥ ከሌሲዲያ ወገን የሆነ ላይከን በኳርትዝ ቅንጣቶች መካከል ገብቶ ይኖራል። ዌሰልስ የሚል የቤተ ሰብ ስም ያላቸው ሁለት ተመራማሪዎች በላይከን ሊቃውንት መጽሔት ባሳተሙት ጥናት፣ ፔኔስቶግሎሳ የተባለ ወገን ብሎች በዚህ ላይከን ላይ ተሰማርተው እንደሚግጡ፣ ሲግጡም ላይከኑ ያላላውን የኳርትዝ ቅንጣት እንደሚያነሡ፣ ከቅንጣቱም ሰገባቸውን እንደሚሠሩ፣ በዚህም ሥራቸው ድንጋዩ እንዲፈራርስ እንደሚያግዙ አስረዱ። ኳርትዝ ከብረት የጠነከረ ድንጋይ መሆኑን እናውቃለን፤ የአባ ጨጓሬ መንጋጋ ሊሰብረው አይችልም፤ መስበርም አያስፈልገውም። ቅንጣቶቹን ያያያዘውን ነገር ላይከኑ አስቀድሞ አላልቶለታል። አንዱ ይፈታል፣ ሌላው ይሸከማል።

እዚህ ላይ ተመልሰን የካንን ግንብ ማየት ይገባናል። የደ ላ ቯ ትል ገብስ በሚያህል ግራጫ ሰገባ የሚኖር መሆኑን ስናይ ከሰገባ ተሸካሚዎቹ ብሎች ወገን እንደ ሆነ እንገምታለን። ግንቡ ፊቱን ወደ ደቡብ የሰጠ መሆኑን ጸሐፊው ልብ ብሎ መመዝገቡ እጅግ ደስ ያሰኘናል። በሰሜን ንፍቀ ክበብ ወደ ደቡብ የዞረ ግንብ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ይመታዋል፤ ዝናብ ቢበዛም ቶሎ ይደርቃል፤ በእርጥብ አገር መካከል የቆመ ትንሽ በረሓ ማለት ነው። የካን ድንጋይም ለስላሳ የኖራ ድንጋይ ነው፤ እንግሊዞች ለቤተ ክርስቲያንና ለግንብ እየጫኑ የወሰዱት በቀላሉ ስለሚጠረብ ነበር። በእንዲህ ያለ ድንጋይ የላይከን ሥር ወደ ውስጥ ሲገባ፣ ላይከን የሚበላው ትል የድንጋይ ዱቄት በአፉም በኩሱም ቢገኝበት የሚያስገርም አይደለም። በሣጥኑ ውስጥ ስምንት ቀን ቆይቶ የታየው መፈቅፈቅ እውነተኛ ሊሆን ይችላል።

እጅ የሚያስገባው ጉድጓድ ግን ሌላ ነገር ነው። ያን ያህል ጥልቅ ጉድጓድ በኖራ ድንጋይ ላይ የሚያወጣው ጨው፣ እርጥበትና ነፋስ ነው ብለን እናምናለን፤ ትሎቹ የተዘጋጀ ቤት አግኝተው ገቡበት። ደ ላ ቯ ሁለቱን ባንድነት ስላያቸው አንዱን የሌላው ምክንያት አደረገ። ሬኦሚር በበኩሉ ምግቡን በትክክል ለየ፤ ነገር ግን ምግብና ድንጋይ ሁልጊዜ ሊለያዩ እንደሚችሉ አድርጎ ወሰደው። በእርሱ ዘመን ይህን ማሰብ ተገቢ ነበር። የማይገባው ከእርሱ በኋላ ያሉት አንባቢዎች የሠሩት ነው፤ የድሮውን ትርጓሜ ሲጥሉ ሰገባውን፣ ዱቄቱን፣ የግንቡን አቅጣጫና የሣጥኑን ሙከራ አብረው ጣሉት። ከ1737 እስከ 1991 ያለው ዘመን 254 ዓመት ነው። ይህን ሁሉ ጊዜ ደብዳቤው በሁለት ትልልቅ መጽሔቶች ታትሞ በየቤተ መጻሕፍቱ ተቀምጦ ነበር።

ጉዳዩ ከመጽሐፍ ውጭም ዋጋ አለው። በድንጋይ የታነጹ ቅርሶችን የሚጠብቁ ሰዎች ስለ ላይከን ሁለት ወገን ሆነው ይከራከራሉ። አንዱ ወገን ላይከን ድንጋይ ያፈርሳልና ይጠረግ ይላል፤ ሌላው እንደ ካባ ሆኖ ከዝናብና ከነፋስ ይጋርደዋልና ይቆይ ይላል። ሁለቱም ነገሩን በድንጋይና በላይከን መካከል ብቻ አድርገው ሲያስቡ በላተኛውን፣ ሦስተኛውን ወገን፣ ይረሳሉ። ላይከኑ ያላላው ቅንጣት ተይዞ እስከ ቆየ ድረስ ካባው ካባ ነው፤ ብል ወይም ቀንድ አውጣ ሲግጠው ግን ቅንጣቱ ይሄዳል። በአገራችን የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ፣ ከትግራይ ውቅር አብያተ ክርስቲያናትም ብዙዎቹ ከአሸዋ ድንጋይ የተፈለፈሉ ናቸው። ላሊበላ በ1978 በዓለም ቅርስነት ከተመዘገበ በኋላ ከዝናብ እንዲጠበቁ በ2008 በአንዳንዶቹ ላይ ትልልቅ ጣሪያዎች ቆመዋል። ጣሪያ ዝናቡን ሲከለክል የድንጋዩን እርጥበትና የላይከኑንም ኑሮ መለወጡ ስለማይቀር፣ የበላተኛው ጥያቄ ለእነዚህ ቦታዎችም የሚነሣ ነው።

ከባዮሎጂ ክፍል የሆኑ ጓደኞቻችን በዕረፍት ጊዜ ወደ እነዚህ አገሮች ቢወጡ የሚፈለገው መሣሪያ አንድ የእጅ ማጉያ መነጽርና ፋኖስ ብቻ ነው። የሚታየው ምልክት ሦስት ነው። በግራጫው ላይከን መካከል አዲስ ተፍቆ የነጣ ቦታ፣ ከሥሩ የተጠራቀመ ደቃቅ ዱቄት፣ በዚያውም አቅራቢያ ገብስ የሚያህል ሰገባ። ጤዛ ላይከኑን የሚያለሰልሰው ሌሊትና ማለዳ ስለ ሆነ ፀሐይ ከበረታች በኋላ መሄድ አይጠቅምም፤ በዚያን ጊዜ ሰገባው በድንጋዩ ላይ ተጣብቆ ከአሸዋ ቅንጣት አይለይም።